ጎካርቱ አልነሳ ሲል፦ የጂዋይ-6 ሞተርን ብልሽት መለየትና ልኩን መለዋወጫ ማግኘት

በአሜሪካ ጓሮና እርሻ ላይ በጭቃና በአሸዋ የሚነዱት ባለ 150 ሲሲ ጎካርቶች (ትንንሽ ባለ አራት ጎማ መኪኖች) የተለጠፈባቸው ስም ብዙ ነው፤ ሀመርሄድ፣ ትሬይልማስተር፣ ካንዲ፣ ሌላም አለ። ስማቸው ይለያይ እንጂ አብዛኞቹ ከመቀመጫው ጀርባ የተሸከሙት ያንኑ ሞተር ነው። ጂዋይ-6 ይባላል። መነሻው የሆንዳ ንድፍ ነው፤ ዛሬ ግን በቻይናና በታይዋን ብዙ ፋብሪካዎች ያመርቱታል፣ ስኩተሮችም ላይ ሞልቷል። በዚህ ምክንያት መለዋወጫው ርካሽ ነው፣ በየቦታውም ይገኛል። ችግሩ መንታ የሚመስሉ ግን የማይገጥሙ ዕቃዎች መብዛታቸው ነው። ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው)፣ ሲዲአይ (የእሳቱን ብልጭታ የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን)፣ ቦቢና (ለብልጭታው ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው ጥቅልል) አንድ በአንድ እየገዛ ሁሉንም ቀይሮ ጎካርቱ ዛሬም ያልተነሳለት ሰው ብዙ ነው። አንዲት የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር ከእነዚያ ዕቃዎች ሁሉ ትረክሳለች።

ሞተሩን በራሱ ስም ይጥሩት

መለዋወጫ በጎካርቱ ስም አይፈልጉ። በሞተሩ አካል ላይ በግራ በኩል ወደ ታች ጠጋ ብሎ የተመታ ቁጥር አለ። አብዛኛውን ጊዜ በጭቃና በዘይት ስለሚሸፈን በብሩሽ አጽድተው በባትሪ ብርሃን ይዩት። 157ኪውኤምጄ የሚል ከሆነ 150 ሲሲው ነው። የመጀመሪያዋ 1 ባለ አንድ ሲሊንደር መሆኑን ትናገራለች። 57 የሲሊንደሩ ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ ትክክለኛው ልክ 57.4 ነው። ኪው በፋን አየር የሚቀዘቅዝ ማለት ሲሆን የመጨረሻው ጄ ደግሞ የ150ውን ምድብ ያመለክታል። 152ኪውኤምአይ ካለ 125 ሲሲ ነው፣ ፒስተኑም 52.4 ሚሊሜትር ስለሆነ የ150ው ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) አይገባለትም። 139ኪውኤምቢ ትንሹ 50 ሲሲ ነው። ቁጥሩን ፎቶ ያንሱት፤ ሻንሲው (የጎካርቱ አጽም) ላይ ያለውን ባለ 17 ፊደልና ቁጥር መለያም አብረው ያንሱ። ሽቦ ከመንቀልዎ በፊትም ሁልጊዜ ፎቶ ያንሱ፤ የቻይና ሽቦ ቀለም በማግስቱ ከጭንቅላት ይጠፋል።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት እንዲነሱ ሻንሲውን ጠንካራ መደገፊያ ላይ ያሳርፉት። ጎካርቱ በቺንጊያ (በጎማ ቀበቶ) የሚሠራ አውቶማቲክ ስለሆነ ሞተሩ ዙር ሲጨምር ራሱ ይይዛል፤ መሬት ላይ ቆሞ ነዳጅ ከሰጡት ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ሞተሩን ዝግ ጋራዥ ውስጥ አያስነሱ።

ሞቶሪኖው ዝም ካለ

ቁልፉን አዙረው ምንም ካልሰሙ መጀመሪያ የፍሬን ፔዳሉን ረግጠው የኋላውን የፍሬን መብራት ይዩ። ብዙዎቹ ፍሬን ካልተረገጠ ሞቶሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) እንዳይዞር ተደርገው የተሠሩ ናቸው። መብራቱ ካልበራ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ፔዳሉ ሥር ያለችው ትንሽ ማብሪያ ናት፤ ጭቃ ይገባባታል፣ ወይም ከቦታዋ ትንሸራተታለች። የልጆች ጎካርት ከሆነ ከርቀት የሚያጠፋው ሪሞት፣ የገመድ ማጥፊያውና ቀዩ ማጥፊያም አሉ፤ እነሱንም ይዩ።

"ቀጭ" ብሎ የሚቆም ከሆነ ባትሪውን ይለኩ። አርፎ የቆየ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞቶሪኖው ሲሞከር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ባትሪው ደህና ሆኖ ቀጭ ብቻ ካለ ከባትሪው ወደ ሻንሲ፣ ከሻንሲ ወደ ሞተር የሚሄደውን የኔጋቲቭ ገመድ ፈትተው ቀለሙንና ዝገቱን እስከ ብረቱ ይፋቁ። ሞቶሪኖው እየጮኸ ሞተሩ የማይዞር ከሆነ ደግሞ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ጀርባ ያለው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዘው ክላች ተንሸራቷል፤ ሞቶሪኖ መግዛት አይረዳም።

ይዞራል፣ ግን አይነሳም

እሳት፣ ነዳጅ፣ ኮምፕረሽን (ፒስተኑ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረው ግፊት)። በዚሁ ቅደም ተከተል የሚፈተሸው እሳትን ለማየት ሁለት ደቂቃ ስለሚበቃ ነው።

ካንዴላውን (ሲሊንደሩ ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠውን) በ16 ቁልፍ ይፍቱት። የዚህ ሞተር የተለመደ ካንዴላ ኤንጂኬ ሲ7ኤችኤስኤ ነው፣ ክፍተቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር። የሽቦው ኮፍያ ላይ መልሰው ሰክተው ብረቱን ሞተሩ ላይ ያስነኩት፤ ከካንዴላው ቀዳዳ ግን ያርቁት፣ ከዚያ የሚወጣው የቤንዚን ጭስ ይቀጣጠላል። ሞቶሪኖውን ሲያዞሩ ሰማያዊ፣ "ጠሽ ጠሽ" የሚል ብልጭታ ካለ እሳቱ ደህና ነው። ቀጭንና ቢጫ ከሆነ ደካማ ነው፤ አዲስ ካንዴላ አድርገው ይድገሙት።

ምንም እሳት ከሌለ ሲዲአይ ለመግዛት አይቸኩሉ። አብዛኞቹ ጎካርቶች ላይ ከሲዲአይው የሚወጣ ነጭ መስመር ያለው ጥቁር ሽቦ አለ። ሥራው ሞተሩን ማጥፋት ነው፤ ሻንሲ ሲነካ እሳቱ ይቆማል። ይህን ሽቦ ብቻ ከሶኬቱ ነቅለው እንደገና ይሞክሩ። እሳቱ ከተመለሰ ሲዲአይው፣ ቦቢናውና ስታተሩ (ከቮላኖው ሥር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጥቅልል) በሙሉ ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ከቁልፉ፣ ከቀዩ ማጥፊያ፣ ከሪሞቱ ወይም መንገድ ላይ ተልጦ ሻንሲ ከነካ ሽቦ ነው። እየነቀሉ አንድ በአንድ ይለዩት። ሽቦውን እንደነቀሉ መንዳት ግን አይቻልም፣ ሞተሩን የሚያጠፉበት መንገድ የለዎትምና።

እሳቱ ካልተመለሰ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገው ወደ ሲዲአይው የሚገቡትን ይለኩ። ሲዲአይው የኤሲ ዓይነት ከሆነ የሚመግበው ሽቦ፣ ብዙ ጊዜ ቀይ መስመር ያለው ጥቁር፣ ሞቶሪኖው ሲዞር ከ40 ቮልት በላይ መስጠት አለበት። የቮላኖውን ዙር የምትቆጥረው ትንሿ ጥቅልል ደግሞ 0.2 ቮልት ያህል ትሰጣለች፤ ሬዚስታንሷ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ኦም ነው። የመጀመሪያው ከጠፋ ስታተሩ ነው። ሁለተኛው ከጠፋ ጥቅልሏ ወይም ሽቦዋ ነው፤ ከቮላኖው ጋር የምትፈጥረው ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር እንዳይበልጥም ይዩ። ሁለቱም እየመጡ እሳት ከሌለ ብቻ ሲዲአይና ቦቢና ይጠረጠራሉ።

እሳት ካለ ካንዴላውን ደግመው ይዩት። ደርቆ ከወጣ ቤንዚን አልደረሰም፤ ርሶ ከወጣ ወይ ቤንዚን በዝቶበት ታፍኗል ወይ ኮምፕረሽን የለም። ለደረቀው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤንዚን በካንዴላው ቀዳዳ ጨምረው፣ ካንዴላውን መልሰው ያስነሱ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ሠርቶ ከጠፋ ጉዳዩ ከነዳጅ መንገዱ ነው።

የነዳጅ መንገዱ ላይ ብዙ ሰው የማያያት አንዲት ትንሽ ዕቃ አለች። የጎካርት ሰልባትዮ (የቤንዚን ታንከር) አብዛኛውን ጊዜ ከካርቡሬተሩ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ቤንዚኑ በራሱ አይወርድም፤ በሞተሩ ሳብታ የምትሠራ ሦስት አፍ ያላት ፓምፕ ትጎትተዋለች። አንዱ አፍ ከሰልባትዮ፣ አንዱ ወደ ካርቡሬተር፣ ሦስተኛው ወደ መግቢያ ማኒፎልድ (ካርቡሬተሩን ከሞተሩ የሚያገናኘው ቱቦ) ነው። ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደውን ጎማ ነቅለው ጠርሙስ ውስጥ ያድርጉና ሞቶሪኖውን ያዙሩ፤ ቤንዚኑ እየቆራረጠ ቱፍ ቱፍ ማለት አለበት። ካልወጣ የሳብታው ጎማ ተሰንጥቆ ወይም ተነቅሎ ይሆናል። ወጥቶም ቢሆን የሳብታውን ጎማ ከማኒፎልዱ ነቅለው ወደ ውስጡ ይመልከቱ። ቤንዚን ካለበት የፓምፑ ሜምብራና (ስስ የጎማ ቆዳ) ተቀዷል፣ ሞተሩም በጓሮ በር ቤንዚን እየጠጣ ነው። ካንዴላው የሚጠቁርበትና ካርቡሬተር ቢቀየር የማይለወጥበት ብልሽት ይህ ነው። የዘይቱን ዲፕስቲክም ያሽትቱ። ዘይቱ በዝቶ ቤንዚን ቤንዚን ካለ ሳያስነሱ ይቀይሩት፤ 10ደብልዩ-40፣ 800 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ከሥር ትልቁን ክዳን የሚፈቱ ከሆነ ሞላና ወንፊት አብረው ስለሚወድቁ እጅዎን ከሥር ያድርጉ።

ኮምፕረሽን ለመለካት ባለ 10 ሚሊሜትር ጥርስ ጌጅ ያስፈልጋል። የነዳጁን ፔዳል እስከ መጨረሻ ረግጠው ሞቶሪኖውን አምስት ስድስት ዙር ያዙሩ። ፔዳሉ ካልተረገጠ አየር ስለማይገባ ጤነኛው ሞተር ታማሚ ይመስላል። 150 ፒኤስአይ አካባቢ ጥሩ ነው፤ ከ100 በታች ከሆነ መነሳት ይከብደዋል። ዝቅ ካለ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በቀዳዳው ጨምረው ይድገሙ። ከፍ ካለ ፋሻው አልቋል። ካልተነቃነቀ ቫልቮቹ ናቸው፤ ያኔ ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ከማውረድዎ በፊት የሚቀጥለውን ይሞክሩ።

ቫልቭ፦ በነጻ የሚስተካከለው ብልሽት

ሲቀዘቅዝ የሚነሳ፣ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ግን ሠላሳ ደቂቃ ካላረፈ እሺ የማይል ሞተር መጀመሪያ የሚጠረጠረው በቫልቭ ክፍተት (በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ክንድ መካከል ባለው ቀጭን ክፍተት) ነው። ቫልቩ መቀመጫውን እየበላ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ክፍተቱ በጊዜ ብዛት ይጠባል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ብረቱ ይረዝምና ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ድምፅ ስለማያሰማ ማንም አይጠረጥረውም። የሚንቋቋ ቫልቭ ያናድዳል እንጂ ሞተር አይገድልም፤ ዝም ያለው ነው የሚያቃጥለው።

ሥራው የሚሠራው ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ አርፎ ሲቀዘቅዝ ነው። የቴስታታውን ክዳን አራት ብሎኖች በ8 ቁልፍ ይፍቱ። ካንዴላውን ያውጡ። በቀኝ በኩል የፋኑን መሸፈኛ አንስተው ቮላኖውን በእጅ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ያዙሩት፤ ቮላኖው ላይ "ቲ" የሚመስል ምልክት አለ፣ ሞተሩ አካል ላይ ካለው ምልክት ጋር ትይዩ ያድርጉት። አሁን የካምሻፍቱን ጥርስ ይዩ። ሦስት ቀዳዳዎች አሉት፤ ሁለቱ ትናንሽ ከቴስታታው ፊት ጋር እኩል ሆነው፣ ትልቁ ወደ ውጭ፣ ማለትም ከፒስተኑ በተቃራኒ ማየት አለበት። ትልቁ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ከዞረ ቮላኖውን አንድ ሙሉ ዙር ይጨምሩለት። ይህን የዘለለ ሰው የሚለካው በተገፋ ቫልቭ ላይ ነው።

የአየር መግቢያው ቫልቭ በካርቡሬተሩ በኩል፣ የጭስ መውጫው በማርሚታው በኩል ነው። ክፍተቱ ውስጥ 0.10 ሚሊሜትር ፊለር ጌጅ (መለኪያ ስስ ብረት) ያስገቡ። ቅቤ ላይ እንዳለ ቢላዋ ሸርተት ካለ ሰፍቷል፤ እንቢ ካለ ጠቧል። ቀለል ያለ መያዝ ሲሰማዎት ልክ ነው። ለማስተካከል የ9 ቁልፉን ዳዶ ያላሉ፣ መሃል ያለችውን ባለ አራት ማዕዘን ራስ በትንሽ ፒንሳ ያዙሩ፣ ከዚያ ራሷን እንደያዙ ዳዶውን ያጥብቁ። ዳዶው ሲጠብቅ ራሷን ይዞ ስለሚዞር ካጠበቁ በኋላ ሁልጊዜ ደግመው ይለኩ። ትንሽ ብሎን ነው፣ በክንድ ጉልበት ይበጠሳል።

ሲሞቅ የሚጠፋ ሌላም ምክንያት አለው። ከሩብ ሰዓት ጉዞ በኋላ ከጠፋ የሰልባትዮውን ክዳን ይክፈቱ፤ "ፍስስ" ብሎ አየር ከሳበና ወዲያው ከተነሳ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ሌላው ሙቀት ነው። ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው ፋኑ የሚገፋው አየር በፕላስቲኩ መሸፈኛ ውስጥ ተይዞ ሲሊንደሩን ሲዞር ነው። "አየር እንዲያገኝ" ብለው መሸፈኛውን አውልቀው የሚነዱ አሉ፤ እያቃጠሉት ነው።

ይነሳል፣ ግን ነዳጅ ሲሰጡት ይታፈናል

እዚህ ጊዜ ካርቡሬተሩ ተራው ደርሷል። አሜሪካ የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። ኢታኖሉ ውሃ ይስባል፤ ክረምቱን ሙሉ የተቀመጠ ቤንዚን ደግሞ ሙጫ ይሆናል። መጀመሪያ የሚደፈነው የሚኒሞው (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍባት ጠባብ ቀዳዳ ያላት ብሎን) ነው፤ ቀዳዳው ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ነው። ሚኒሞ የማይዝ፣ በቾክ (ለቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን የሚጨምረው) ብቻ የሚሠራ ሞተር ይህ ብልሽት አለበት። የሥሩን ሳህን ፈትተው ሁለቱንም ጂግለሮች ያውጡና ወደ ብርሃን ያሳዩ፤ ክብ ብርሃን መታየት አለበት። በካርቡሬተር ማጽጃና በአየር ይንፉ። ካልተከፈተ ከተራ የኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት የመዳብ ክር ይምዘዙ። መርፌና የብረት ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋሉ፣ ከዚያ በኋላ ጂግለሩ ልኩን አጥቷል።

ሚኒሞው ደህና ሆኖ ፔዳሉ ከግማሽ ሲያልፍ የሚታነቅ ከሆነ የካርቡሬተሩን የላይኛውን ክዳን ይክፈቱ። ሜምብራናውን ወደ ብርሃን ዘርግተው ይዩ፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ቅድ ስላይዱ (የአየሩን መንገድ የሚከፍተው ተንሸራታች) እንዳይነሳ ታደርጋለች። ሲመልሱ ጠርዟ በቦይዋ ውስጥ በትክክል ካልተኛች ክዳኑ ይቆርጣታል።

ሚኒሞው ከፍ ብሎ የሚንጠለጠል፣ ፔዳሉን ሲለቁት ቶሎ የማይወርድ ሞተር ደግሞ ከካርቡሬተሩ በኋላ አየር ይስባል። በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ያለውን ጎማ ማኒፎልድ አውጥተው በእጅ ያጥፉት። ተሰክቶ እያለ የማይታየው ስንጥቅ ሲታጠፍ አፉን ይከፍታል።

የካርቡሬተሩ ጎን ላይ ሁለት ሽቦ ያላት ጥቁር ሲሊንደር አውቶማቲኩ ቾክ ናት። ሞተሩ ሲነሳ ኤሌክትሪክ ያሞቃታል፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥም ትዘጋለች። ሞተሩ ከአምስት ደቂቃ በኋላም ጥቁር ጭስ ካወጣ ሽቦዋን ይፈትሹ፤ ኤሌክትሪክ ካልደረሳት ክፍት ሆና ትቀራለች።

ከፍታንም አይርሱ። የዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ፣ ይልቁንም 2,300 ሜትርን የሚያልፈው አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ከባሕር ጠለል አካባቢ ተስተካክሎ የመጣ ካርቡሬተር ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ጥላሸት ከለበሰና ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ ዋናውን ጂግለር አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ዝቅ ያድርጉት፤ ትክክለኛው ልክ ላይ የካንዴላው አፍ የቡና ገለባ ቀለም ይይዛል።

ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎካርቱ አይሄድም

መጀመሪያ ከነዳጅ ፔዳሉ ሥር ያለችውን የፍጥነት መገደቢያ ብሎን ይዩ፤ ለልጅ ተብላ የተጠበበች ብሎን ብዙ ሰው ሞተር አስፈትታለች። ጎማዎቹ ተነስተው ሳለ በእጅ ያዙሯቸው፤ ፍሬኑ ይዞ ከሆነ ይሰማዎታል። ከዚያ የግራውን ሽፋን ፈትተው ቺንጊያውን ያውጡ። አዲስ ሲሆን ስፋቱ 20 ሚሊሜትር ነው፤ ከ18.5 በታች ከወረደ ይቀየር። ከፊተኛው ፑሌጃ (ቺንጊያው የሚጠመጠምበት ክብ) ውስጥ ያሉት ስድስቱ ክብ ክብደቶች በአብዛኛው 18 በ14 ሚሊሜትር ናቸው፤ አንድ ጎናቸው ከተላጠና ጠፍጣፋ ከሆነ ሁሉንም አንድ ላይ ይቀይሩ። እዚያ ክፍል ውስጥ ግሪስ ወይም ዘይት ከነካ ቺንጊያው ይንሸራተታል።

ዕቃውን ሲገዙ

ቺንጊያ ላይ ያለው ጽሑፍ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና የጎኑን ማዕዘን ይነግራል። 842-20-30 ብዙ ጎካርቶች ላይ ያለው ነው፤ 743-20-30 የአጭሩ ሞተር (የቺንጊያ ቤቱ አጭር የሆነው) ነው፣ 835-20-30ም አለ። በ842ና በ835 መካከል ያለው ሰባት ሚሊሜትር ትንሽ ይመስላል፣ ሲገጠም ግን ጎካርቱ ሲነሳ ወይ ይጎትታል ወይ ጉልበት ያጣል። ጽሑፉ ከጠፋ ቺንጊያውን ቆርጠው ውጫዊ ርዝመቱን ይለኩ።

ሲዲአይ ሲገዙ ኤሲ (ከስታተሩ የሚመገብ) ነው ወይስ ዲሲ (ከባትሪው የሚመገብ) የሚለው ይቅደም፤ ሶኬታቸው አንድ ሊሆን ይችላል። ቁልፉ ሲከፈት ሞተሩ ሳይዞር ወደ ሲዲአይው ቋሚ 12 ቮልት ከገባ ዲሲ ነው። ሞቶሪኖው ሲዞር ብቻ ከፍተኛ ኤሲ ቮልት የሚመጣ ከሆነ ኤሲ ነው። ስታተር ከሆነ የብረት ጥርሶቹን ይቁጠሩ፤ ባለ 8 እና ባለ 11 በብዛት ይገኛሉ፣ አንዱ የሌላውን ሶኬት አይወስድም። ቴስታታ ከሆነ የጭስ መመለሻ ተጨማሪ ቀዳዳ ያለውና የሌለው አለ። ሞቶሪኖ ከሆነ ጥርሱን ይቁጠሩ፣ የሁለቱን ብሎኖች ርቀትም ይለኩ። ካቴና (ሰንሰለት) ከሆነ ከፒን እስከ ፒን ይለኩ፤ 12.7 ሚሊሜትር ከሆነ 420 ወይም 428፣ 15.875 ከሆነ 520 ወይም 530 ነው። ሁለቱን የሚለየው የውስጥ ስፋቱ ነው፤ 420ና 520 በ6.35፣ 428 በ7.94፣ 530 በ9.53 ሚሊሜትር።

አዲስ አበባ ላይ ሆነው የሚጠግኑ ካሉ ካንዴላ፣ የቤንዚን ጎማ፣ ማጣሪያ፣ ባትሪና ኩሽኔታ ከሞተርሳይክል ዕቃ ሻጮች ሊገኙ ይችላሉ፤ ኩሽኔታ የሚፈለገው ጎኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር ነው። የባጃጅ ፒስተንና ቴስታታ ግን ለዚህ አይሆንም፣ ሞተሩ ሌላ ነው። ከውጭ በዘመድ ሻንጣ የሚያስመጡ ከሆነ ሲዲአይ፣ ስታተር፣ ቺንጊያና ሜምብራና ቀላል ናቸው። ካርቡሬተሩ አዲስ፣ ቤንዚን ያልነካ ይሁን፤ ነዳጅ የሸተተ ዕቃ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም። አሮጌውን ዕቃ አዲሱ ገጥሞ ሞተሩ ሞቆ እስኪሠራ ድረስ አይጣሉ፤ አንዲት የጠፋች ቡሽ ወይም አጭር ብሎን የምትገኘው ከዚያው ላይ ነው።